የመቀስ ክንድ

«ብረቱስ? አብሮት ተቀበረ?»

ጥያቄው የመጣው በሩ አጠገብ ከተቀመጡት ጎረቤቶች ነው። ጠያቂዋ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏታል። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ግን ሹክሹክታዋ ጓዳ ድረስ ገባ። ጓዳ ውስጥ ሻይ ትቀዳ የነበረችው የሟቹ እህት ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች።

«ምን ብረት አለ ደግሞ!» አለች ሌላዋ ጎረቤት። «የሰው አጥንት ነው የተከሉለት። ከሞተ ሰው የተወሰደ።»

«እኔ የሰማሁት ብረት ነው። ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይቀዘቅዘዋል ይሉ ነበር።»

«እኔም ዝናብ ሊመጣ ሲል ይቀዘቅዘኛል፤ ብረት ግን የለኝም።»

ሊያመልጣቸው የነበረውን ሳቅ በመዳፋቸው አፈኑት።

እህትየው አልተቆጣችም። እንዲያውም እሷም ማወቅ ትፈልግ ነበር። ታናሽ ወንድሟን አሳድጋዋለች፣ አስታማዋለች፣ ቀብራዋለች። በቀኝ ክንዱ ውስጥ የነበረውን ግን በዓይኗ አይታው አታውቅም። የምታውቀው በላዩ የቀረውን ረጅም ጠባሳ ብቻ ነው።

ወንድሟ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «መቀስ» ይለዋል። እጁ ፈጣን ነው፤ አፉ ደግሞ ከእጁ የባሰ።

ትሪውን ይዛ ስትወጣ አጎቷ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ለሚመጣው ለቀስተኛ ሁሉ የሚለውን አሁንም ለአንድ አዲስ እንግዳ ይል ነበር።

«ክንዱ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ቤት ለቅሶ አይኖርም ነበር።»

ይህን ሲናገር እሷን አያያትም። አለማየቱ ነው የሚያማት።

ነገሩ የጀመረው በትከሻ ሕመም ነበር። ቀኑን ሙሉ ክንዱን አንሥቶ የሚውል ሰው ትከሻውን ቢያመው ማን ይደነግጣል? በቅባት አሸችው። ሕመሙ ወደ እብጠት ሄደ። ፎቶ ተነሣ፣ ከአጥንቱ ቁራሽ ተወስዶ ተመረመረ፣ በመጨረሻ የአጥንት ካንሰር ነው ተባለ። ቀዶ ሐኪሙ መቀስን፣ እህቱንና አጎትየውን አስቀምጦ ሁለት መንገድ አሳያቸው። አንዱ ክንዱን ከትከሻው ላይ መቁረጥ ነው። ሌላው በደም ሥር መድኃኒት ከሰጡት በኋላ የታመመውን አጥንት ብቻ አውጥቶ በቦታው ሌላ መተካት ነው። በዚህኛው ክንዱ ይተርፋል፤ ግን እንደ ድሮው ወደ ላይ አይነሣም።

«ሁለቱም ይቻላል» አለ ሐኪሙ። «ምርጫው የእናንተ ነው።»

«የምን ምርጫ!» አለ አጎትየው። «ነፍስ ትቅደም እንጂ። ይቆረጥና ይገላገል!»

መቀስ ግን ዞሮ ያየው እህቱን ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጨንቀው የሚያየው እሷን ነው።

«እታለም፣ አንቺስ?»

«ይትረፍ» አለች ክንዱን እያየች።

አንዲት ቃል ናት። አጎቷ አፉን በከፈተ ቁጥር ያቺ ቃል ተመልሳ ትመጣባታለች።

ሻዩን አድላ ሳትጨርስ፣ ከመቀስ ፀጉር ቤት ጎን የሚሠራው በያጅ ጨዋታ ጀመረ።

«እኔ እኮ ሐኪሞቹ ያልቆረጡትን ቆርጬለታለሁ።»

«ምኑን?» አለች በሩ አጠገብ ያለችው ጠያቂ፣ ዓይኗ በርቶ።

«የወንበሩን እግር ነዋ!»

እውነቱን ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የመቀስ ጣቶች እንደ ድሮው ሠሩ፣ ክርኑም ታጠፈ። ክንዱ ግን ከደረቱ በላይ አልነሣ አለ። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አናቱ አይደረስበትም። ፀጉር ቤቱ ተዘግቶ ከረመ። አንድ ጠዋት መቀስ ወንበሩን በግራ እጁ እየጎተተ በያጁ ጋ ሄደና «ክንዴ ወደ ሰው ራስ ካልወጣ፣ የሰው ራስ ወደ ክንዴ ይውረድ» አለው። ከዚያ ወዲህ ፀጉሩን ሊስተካከል የመጣ ሁሉ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ይቀመጥ ጀመር። ሰው ጉድ ሊያይ መጣ፤ መጥቶም ደንበኛ ሆኖ ቀረ። «መስታወቱንም አውርድልን እንጂ፣ ፊታችን አይታየንም!» ብለው ሲያማርሩ፣ «ያላወረድኩት ለእናንተው አዝኜ ነው» ይላቸዋል።

«አንድ ቀንማ» አለ በያጁ፣ «ያከመው ዶክተር ራሱ መጣ። ክንዱ ሲሠራ ልይ ብሎ። ያን ሁሉ ቁመት ይዞ እንደ ፌንጣ ተጣጥፎ ተቀመጠ!»

ቤቱ ሳቀ። አጎትየው ግን አልሳቀም።

«ወንበሩ አለ፣ እሱ የለም» አለ። «ያኔ ቢቆረጥ ኖሮ…»

ቃሉን ሳይጨርስ፣ በሩ ላይ አንድ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ገባ። በያጁን ሻዩ ትን አለው። ዶክተሩ ነበር።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ከአጎትየው ፊት ለፊት ተቀመጠ። በሩ አጠገብ ያለችው ሴትዮ ፋታ አልሰጠችውም።

«ዶክተር፣ ይቅርታና፣ ክንዱ ውስጥ የነበረው ምንድን ነው?»

«ብረት ነው። በእሱ ልክ የተሠራ።»

«አላልኩሽም!» አለች ጎኗ ያለችውን በክርኗ ነካ አድርጋ።

እህትየው ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አሁን ካልጠየቀች ዕድሜዋን ሙሉ አትጠይቅም። አዎ ካላት፣ ወንድሟን የገደለችው ያቺ ቃል ናት። ግን ሳያውቁ መኖርም አለ፤ እሱ ደግሞ ከዚህ ይብሳል።

«ዶክተር» አለች። «ያኔ ብትቆርጡት ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

አጎትየው ቀና አለ።

«ያወጣነው አጥንት ጫፉ ተመርምሯል» አለ ዶክተሩ። «ንጹሕ ነበር። እስከ መጨረሻው በሽታው ክንዱ ላይ አልተመለሰም። የገደለው ሳንባው ላይ የወጣው ነው። እሱ ደግሞ እኛ ቢላ ሳናነሣ ገና ድሮ በደም የሄደ ነው። ከማነሱ የተነሣ ያኔ በፎቶ አይታይም ነበር። ክንዱን ብንቆርጠውም እሱን አናገኘውም ነበር።»

«እርግጠኛ ነዎት?» አለ አጎትየው።

«ምዬ አልናገርም አባቴ። ክንዱ ላይ ተመልሶ ቢሆን እኔም እጠራጠር ነበር። አልተመለሰም።»



ዶክተሩ ሊሄድ ሲነሣ እህትየው እስከ በር ሸኘችው። በሩ ላይ ቆመው አንድ ነገር ጠየቀችው፤ እሱም በገዛ እጅጌው ላይ በጣቱ አሳያት።

ለቀስተኛው ቀስ በቀስ ሳሳ። ባዶ ብርጭቆዎቹን ስትሰበስብ አጎቷ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«አንቺ ልጅ» አለ። «ዶክተሩ በር ላይ ምን እያሳየሽ ነበር?»

«ብረቱ ከየት እስከ የት እንደሆነ።»

አጎትየው ኮቱን አወለቀና ወንበር ላይ ጣለው።

«እስቲ እኔ ላይ አሳዪኝ።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ጣቷን ትከሻው ላይ አድርጋ «ከዚህ» አለች። በሸሚዙ ላይ ቀስ ብላ ወደ ታች ወረደች፤ ክርኑ ጋ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት አቆመች። «እስከዚህ።»

አጎትየው የገዛ ክንዱን የሌላ ሰው ክንድ ይመስል ትክ ብሎ አየው። እጇን ልታነሣ ስትል መዳፉን ደረበበትና እዚያው አቆየው።