ጭቃው የጠፋ ዕለት

ጭቃው የለም።

ደምለው ከመኪናዋ ወርዶ ዓይኑን አሻሸ። ከሞጣ ወደ ቢቸና በሚወስደው መንገድ ላይ ክረምት በገባ ቁጥር በሬ ሳይቀር የሚውጠው ጥቁር ዋልካ፣ ባለፈው ሳምንት እንኳ እንደ ሊጥ ሲንቦጫረቅ ያየው ረግረግ፣ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ለብሷል። በድንጋዩ መሐል የግራር ቅርንጫፍ ተጠቅጥቆበት ከላይ ጭድ ተነስንሶበታል። ሙሽራ የሚያልፍበት መንገድ ይመስላል።

የእናቱ ወንድም አቶ ገላው ከመንደሩ ሰው መሐል ወጥተው ወደ እሱ መጡ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ፊታቸው ግን በደስታ ያበራል።

«እህሳ፣ እንዴት አየኸው? ትናንት ከቅዳሴ መልስ ጀምረን ሲመሽ ጨረስነው። በተክለ ሃይማኖት ዕለት ድንጋይ አይነሣም ብለው ያንገራገሩ ነበሩ። ቄስ ኃይለ ሚካኤል ግን ለእንግዳ መንገድ ማበጀት ጽድቅ ነው ብለው ፈቀዱልን።»

ደምለው ጭዱን በእግሩ ገለጥ አድርጎ ድንጋዩን አየ። ጥፋቱ የራሱ ነበር። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቆሞ የመንደሩን ሰዎች፣ «ከአዲስ አበባ የጦር ሰው መኪናዬን ሊያይ ይመጣል፤ እዚህ ጭቃ ላይ ከቀረሁ አለቀልኝ፤ ጸልዩልኝ» ብሏቸዋል። እነሱም ጸሎቱን ለቄሱ ትተው ድንጋዩን ተሸከሙ። ጭቃው እንዲቆይለት የሚፈልግ ሰው በዚህ አገር ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

የመኪናዋ ነገር የተጀመረው እዚሁ ቦታ ነው። እናቱ ወይዘሮ ይርጋነሽ ታመው ወደ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ሲወሰዱ የጫናቸው መኪና እዚህ ዋልካ ላይ ሰጠመ። በቃሬዛ አወጧቸው። የቃሬዛውን ፊት የያዙት አቶ ገላው ነበሩ። ደረቁ መሬት ላይ ሳይደርሱ እናቱ አረፉ። ደምለው ያን ቀን ያለቀሰው ከኀዘን ይልቅ በንዴት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ሞጣ ባለችው ጋራዡ ውስጥ የአንዲት አሮጌ የጭነት መኪና የኋላ ጎማዎች ላይ ሰንሰለት ጠመጠመ፤ ሰንሰለቱን በወይራ ርብራብ አያያዘውና ጭቃ ላይ የምትረግጥበት ሰፊ እግር ሠራላት። የሞጣ ነጋዴዎች እያዩ አደነቁ፣ ሳቁ፣ ሄዱ። ክረምቱን ሙሉ ጤፍ የሚያመላልሱ መኪናዎች ለመሥራት የሚያስፈልገውን ብረትና ማሽን የሚገዛለት ግን አልተገኘም። ጦሩ አዲስ ነገር ለሚሠራ ሰው ገንዘብ ይሰጣል ሲባል ሰማና አመለከተ። አዲስ አበባ ሲመላለስ ከርሞ በመጨረሻ፣ አንድ መሐንዲስ መጥቶ ይይልህ፣ እሱ ይሁን ካለ ይሆናል ተባለ።

ዛሬ ጠዋት ሲነሣ ሚስቱ አምሳለች በር ድረስ ሸኝታው፣ «ዛሬ ካልሆነ ተዋት፤ እኔም ደክሞኛል» አለችው። ካልሆነ መኪናዋን ፈታትቶ ለቁርጥራጭ ብረት ሊሸጣት ማለላት።

ረፋዱ ላይ የጦሩ መሐንዲስ ሻምበል ሣህለ ማርያም ከቢቸና በኩል በላንድሮቨር መጣና ከድንጋዩ ማዶ ቆመ። ደምለው ሞተሩን አስነሣ። ሌላ ምን ያድርግ? መኪናዋ ድንጋዩን እየረገጠች ተንገጫግጫ ተሻገረች። ርብራቡ የነቀለውን ድንጋይ ሰዎቹ ከኋላ እየሮጡ መልሰው ያስተካክሉ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ።

ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን በጣቱ መታ መታ አደረገው። የወይራውን አያያዝ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«የሚያስመሰግን ሥራ ነው» አለ። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞረ። «እስቲ አንተም ተሻግረህ ተመለስ።»

ላንድሮቨሩ ሄደ፣ ተመለሰ። ሴቶቹ ለእሱም እልል አሉለት።

«አየህ አይደል?» አለ ሻምበሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው። ያየሁት ደግሞ ማንም መኪና የሚያልፍበትን መንገድ ነው።»

«ጌታዬ፣ ይኼ ሁሉ ትናንት የተደለደለ ነው። ሥሩ …»

«አምንሃለሁ። የእኔ ማመን ግን አይጠቅምህም። ማታ ማርቆስ መግባት አለብኝ፤ ድንጋዩ እስኪነሣ አልቆይም። ሌላ ጭቃ የለም እዚህ አካባቢ? ማንም ያልነካው?» ወደ መንደሩ ሰው አየት አድርጎ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «አልዋሽህም፤ አለቆቼ መኪናዋን የፈለጓት ለጤፍ አይደለም። በግብሩ ግርግር፣ ገበሬው ግብር አልከፍልም ብሎ በሸፈተበት ዓመት፣ ወታደሩን ያስቆመው ጭቃ ነበር። እንደዚያ ያለውን ታልፍልኝ እንጂ ዛሬውኑ እፈርምልሃለሁ።»

ነበር፤ ሌላ ጭቃ ነበር። ከመንገዱ ዳር ካሉት ዛፎች ጀርባ ቁልቁል ወደ አቶ ገላው መንደር የሚወርደው መንገድ ከዚህኛው የባሰ ነው። በዚያ ዓመት የአካባቢው ወንዶች፣ አቶ ገላውም ጭምር፣ ክረምቱን ሙሉ ከዚያ ማዶ ተሸሸጉ። ወታደር የጫነው መኪና አፋፉ ላይ ቆሞ ከርሞ ተመለሰ። ጭቃው ባይኖር ኖሮ ድንጋዩን ከተሸከሙት ትከሻዎች ስንቶቹ እንደሚጎድሉ እግዜር ይወቀው።

ደምለው ይህን አስቦት አያውቅም ማለት ውሸት ይሆናል። ለጦሩም ለነጋዴውም ትጠቅማለች ብሎ ሲያመለክት፣ ጦሩ በመኪናዋ ወዴት እንደሚሄድ ልቡ ያውቅ ነበር። ሐሳቡ ብቅ ባለ ቁጥር የእናቱን ቃሬዛ እያስታወሰ ያባርረው ነበር። አሁን ግን የሚያባርርበት አጣ።

ቀና ሲል አቶ ገላው አንድ የተናጋ ድንጋይ በእግራቸው እየረገጡ ሲያመቻቹ አያቸው። በረገጡት ቁጥር ወደ እሱ ቀና እያሉ ፈገግ ይላሉ። እጁን አንሥቶ ወደ ዛፎቹ ቢጠቁም በቂ ነበር። እጁ ከበደው። በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት ራሱን የጠላበት ጊዜ አልነበረም፤ ሊጠቁም በመፈለጉም፣ መጠቆም ባለመቻሉም።

«የለም» አለ።

ሻምበሉ እሱን አየው። ከዚያ ዛፎቹን አየ። ተመልሶ እሱን አየው።

«የለም ካልክ እንግዲህ» አለና ጨበጠው።

ላንድሮቨሩ ወደ ቢቸና ዞሮ ከዓይን ሲሰወር አቶ ገላው እጃቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ መጡ።

«ምን አለህ? ጨበጠህ እኮ፤ አይቻለሁ።»

«ሥራህ ጥሩ ነው አለኝ።»

«እሰይ! እኔማ መኪናህ ብትሰጥምና በባዕድ ፊት ብታፍር ለእኅቴ ምን መልስ እሰጣታለሁ ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።» ክንዱን ያዝ አደረጉት። «አላሳፈርንህም አይደል፣ ልጄ?»

«ኧረ አላሳፈራችሁኝም፣ አያ።»

ወደ ሞጣ ለመመለስ ድንጋዩን እንደገና መሻገር ነበረበት። ደምለው የመፍቻ ሣጥኑን አውርዶ መሬት ላይ ተንበረከከና ከጎማው ላይ የመጀመሪያውን ርብራብ መፍታት ጀመረ። የወይራው እንጨት ወልቆ ሣሩ ላይ ወደቀ።

«ምነው? ምን ሆነች ደግሞ?» አሉ አቶ ገላው ደንግጠው።

«ምንም አልሆነችም» አለ ቀና ሳይል። «ድንጋያችሁን ትነቅልባችኋለች።»