ድምፅ ለኪው በእናቱ መስኮት

መንገዱ ለጥገና በግማሽ ከተዘጋ ወዲህ፣ ከእናትየው መስኮት ስር ኮንክሪት የሚፈነቅለው ማሽን ጠዋት ተነስቶ እስኪመሽ ይንጓጓል። እሱ ትንፋሽ ሲወስድ በቀረችው ጠባብ መንገድ የሚተላለፉት አውቶቡሶች ጥሩምባቸውን እየነፉ ይተኩታል። እናትየው ደግሞ ከታመመች ጀምሮ ድምጿ ሰልሏል። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ የምትለው አይሰማም።

«ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ትላለች፤ የምትፈልገው ነገር አለ። ማሽኑ ሲቆም ደግሞ ደክሟት ተኝታለች» አለች እናታቸውን የምታስታምመው ታላቅ እህት ለወንድሟ። «ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የላትም ብሎናል። ሳልሰማት ብታመልጠኝ ምን ይውጠኛል? ደግሞስ ድምፅ ያንተ ሥራ አይደል እንዴ?»

ሥራውስ ነበር። ከደንብ ያለፈ ጩኸትን የሚቆጣጠር የማዘጋጃ ቤት ድምፅ ለኪ ነው፤ ባልደረቦቹ «ጆሮው» ይሉታል። ጆሮው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደንዝዟል። አላለቀሰም፣ አልከሳም፣ ከሥራም አልቀረም፤ ብቻ የገዛ ኑሮው የጎረቤት ወሬ ሆኖበታል። ሲጠሩት አቤት ይላል፣ ሲያቀርቡለት ይበላል። ከሥራ መልስ እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ይቀመጥና አፏን እያየ «እሺ እማዬ፣ እሺ» ብሏት ጉልበቷን ስሞ ይሄዳል። ምን እንዳለችው ቢጠይቁት አያውቅም።

እህቱ ፋርማሲ በሄደችበት አንድ ጠዋት መስኮቱን ከፈተ። እንደ ልማዱ ጆሮዎቹን በስፖንጅ ደፈነና መለኪያውን ወደ ውጭ ዘርግቶ ዓይኑን ቁጥሩ ላይ ተከለ። ሠራተኞቹን የቆርቆሮ አጥር ጋርዷቸዋል። ቁጥሩ ደንቡ ከሚፈቅደው በታች ነበር። አልገረመውም፤ ምን ይገርመዋል? ጽፎ ፈረመ።

እህቱ ስትሰማ የመድኃኒቱን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ከሚፈቀደው በታች? ይሄ? እናቴ ት...» ብላ ልትምል ጀምራ ወደ አልጋው አየችና መሐላዋን ዋጠችው። «የደነዘዘው ጆሮህ ነው ወይስ ልብህ?»

መለኪያውን ይዞ ወጣ። ከታች የመንገድ ጥገናው ፎርማን በአጥሩ በር ላይ ፈገግ ብሎ ጠበቀው።

«ጋሼ፣ ጠዋት ተመቸዎት አይደል? መሣሪያውን ሲያወጡ ሳይዎት፣ ዝም በሉ ሰውዬው ሥራ ላይ ናቸው ብዬ ማሽኑን አስጠፋሁ። ባንዲራ ያዡም አውቶቡሶቹን አቆመልዎት። እርስዎን ባየን ቁጥር እንዲህ ነው፤ በየሳይቱ ያውቁዎታል እኮ!»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። በየመንገዱ ያለ የቀን ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀውን እሱ ብቻ ሳያውቅ፣ የሰዎችን ጨዋነት እየለካ ሲፈርም ኖሯል። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይስቅ ወይ ራሱን ይይዝ ነበር። ጆሮው «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ጥቂት ሄዶ ተመለሰ።

«ነገ ግን እባክህ አታክብሩኝ።»

በማግስቱ ያለ መድፈኛ ለካ። ጩኸቱ ጥርሱ ውስጥ ገባ፤ ቁጥሩም ደንቡን ጥሶ ወጣ። አለቃው «ራስህ ፈርመህ ራስህ ታፈርሳለህ?» ብሎ ቢያጉረመርምም ትእዛዙን አወጣ፦ አውቶቡሶቹ በሌላ ጎዳና ይዙሩ፣ ማሽኑ ድምፅ በሚውጥ ወፍራም መጋረጃ ይከለል፣ ከሰዓት በኋላም ይረፍ።

ትእዛዙ በተፈጸመበት ቀን ጆሮው ከምሳ በኋላ መጣ። ክፍሉ ጸጥ ከማለቱ የተነሳ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ይሰማል። የእናቱ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ አለላት።

«እና መቼ ነው የምትወስደኝ?»

«የት እማዬ?»

«ቤትህ ነዋ! ይሄ ጩኸት ሊገድለኝ ነው፣ አንተ ጋ ወስደህ አሳርፈኝ ስልህ እሺ ትለኛለህ። በመጣህ ቁጥር እሺ ትለኛለህ። እኔም ልጄ አይዋሸኝም ብዬ ዕቃዬን አስሬ እጠብቅሃለሁ።»

በዓይኗ ወደ ግድግዳው በኩል አመለከተችው። በአልጋውና በግድግዳው መሀል የተወሸቀ ፌስታል ነበር። አወጣና ፈታው፦ የሌሊት ልብስ፣ ማበጠሪያ፣ መነጽሯ። ከስር ደግሞ ወረቀቱ ያልተቀደደ ሳሙና። ልጇ ቤት ባዶ እጇን ላትሄድ ኖሯል። እህቱ በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ያዘች።

«አሁንማ ተወው» አለች እናቱ። «ጸጥ ብሏል። አንተም ብቻህን ነህ፤ አላስቸግርህ።»

ሳሙናውን እንደያዘ አፈረ። ከሚስቱ ቀብር ወዲህ አንድ ነገር ሲሰማው ይህ የመጀመሪያው ነው፤ አመመውም። ሊመልስላት አፉን ቢከፍት የመጣችለት ያቺው «እሺ» ብቻ ናት። ይህቺን «እሺ» ደግሞ ከእንግዲህ ማን ያምናታል? ሳሙናውን ወደ ፌስታሉ መለሰና መልሶ ቋጠረው።

«እትዬ፣ ጫማዋን አምጪልኝ» አለ።