ፊሊፓ ያሟላችው ዓመት

ስሟን በአመልካቾች ዝርዝር ላይ ሳየው ሻዬን ልጠጣ ነበር፤ ኩባያውን መልሼ አስቀመጥኩና ወረቀቱን እንደገና አነበብኩት። ፊሊፓ ሎክዉድ። ከስሟ ሥር የሥራ ልምዷ ተዘርዝሯል፤ የመጀመሪያው መስመር «ረዳት አስታማሚ፣ የአእምሮ ሕሙማን ክፍል፣ አንድ ዓመት» ይላል። ክፍሉ እኔ የተኛሁበት ክፍል ነው፤ ዓመቱም እኔ የተኛሁበት ዓመት ነው። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ያስፈልጋል? እሷው ነበረች።

ሞይራ ክሌግ እባላለሁ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። የሥነ ልቦና ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው የከተማችን ዩኒቨርሲቲ አመልካቾቹን ሲፈትን ሁለት ዶክተሮችና አንድ ታሞ የዳነ ሰው ያስቀምጣል። በሽታውን የቀመሰ ሰው ሐኪሙን ይምረጥ ተብሎ ነው። ታማ የዳነችው እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየመጋቢቱ ለሦስት ቀን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነጥብ ስሰጥ ኖሬያለሁ። ማንንም በድዬ አላውቅም ነበር፣ እስከዚያ ቀን ድረስ።

ሥልጠናው ውስጥ ለመግባት ጥሩ ዲግሪ ብቻ አይበቃም። ቢያንስ አንድ ዓመት ከሕመምተኛ ጋር መዋል ያስፈልጋል፤ ያንን ዓመት ደግሞ ሳይኮሎጂስት መስክሮ የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ልጆቹ የምረቃ ጋዋናቸውን አውልቀው ሳይጨርሱ እኛ ክፍል ይመጣሉ። «ዓመት ቆጣሪዎች» እንላቸው ነበር። ሐሜት አይሁንብኝና ወርቅ የሆኑ ልጆች ነበሩባቸው፤ ካርታ የሚጫወቱ፣ ፀጉር የሚያበጥሩ። ፊሊፓ ግን ከእኛ ጋር የምታወራው ሰዓቷን እያየች ነበር።

እናቴ ኤድና የሞተችው በየካቲት ነው። እኔ በሕመሜ ምክንያት በሕግ ተገድጄ ነበር የተኛሁትና ያለ አስታማሚ መውጣት አልችልም። ዋናው ሐኪም ለቀብሩ የሦስት ሰዓት ፈቃድ ሰጠኝ፤ ሐሙስ፣ ረፋድ አምስት ሰዓት፣ ፊሊፓ ይዛኝ እንድትሄድ። እህቴ ጥቁር ቀሚስ ላከችልኝ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በሩ አጠገብ ቀሚሴን ለብሼ ቦርሳዬን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ የሠራተኞቹ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ «ፊሊፓ፣ አምስት ሰዓት፣ ከሳይኮሎጂስቱ ጋር» ይላል። አየሁት፣ ግን ልብ አላልኩትም። ሳይኮሎጂስቱ ከሌላ ከተማ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ብቻ ነበር የሚመጣው።

አራት ሰዓት ሲል ነርሷ መጣችና «ሞይራ፣ የኔ እመቤት፣ ዛሬ መውጣት የለም» አለችኝ።

«ለምን?»

«ጥሩ አይደለሽም።»

ያን ጊዜ በእርግጥም ጥሩ አልሆንኩም። ጮህኩ፣ በሩን መታሁ፤ ይዘው መርፌ ወጉኝ። ስነቃ እናቴ ከተቀበረች አራት ሰዓት አልፏታል።

ምክንያቱን ያወቅሁት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ድኜ ከወጣሁና ካርዴን ጠይቄ ካነበብኩ ወዲያ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ሞይራ ዛሬ ጠዋት ተቆጥታ ኩባያ ወርውራ ሰበረች። ይዣት መውጣቱ ያሰጋኛል። ፊ. ሎክዉድ።»

ኩባያ አልወረወርኩም። መወርወሩ ይቅርና፣ በዚያ ክፍል የሚሰበር ኩባያ ራሱ አልነበረም፤ ራሳችንን እንዳንቆርጥ ተብሎ የምንጠጣው ሁሉ በወረቀት ኩባያ ነበር። ልጅቷ የሳይኮሎጂስቱን ሰዓት ላለማጣት፣ ደብዳቤዋን ላለማጣት፣ እናቴን ያለ እኔ አስቀበረቻት። ካርዱን ካነበብኩ በኋላ ለሳምንት ያህል እህል አልበላልኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? ካነበብኩት ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ አልረሳሁም።

እንግዲህ ከቃለ መጠይቁ በፊት ለእያንዳንዱ ፈታኝ የሚሰጥ ቅጽ አለ። የሚያውቁት አመልካች ካለ ይጻፉ ይላል። ከጻፍኩ ሌላ ፈታኝ ይተካል፤ ፊሊፓም ሳልነካት ታልፋለች። ሰብሳቢያችን ዶክተር ሱኒታ ቅጾቹን እየሰበሰበች «ሞይራ፣ የምታውቂው የለም አይደል?» ስትለኝ «ማንንም» አልኳት። ፊሊፓ በእኔ ላይ አንድ መስመር ዋሽታለች፤ እኔም አንድ መስመር ዋሸሁ።

ገባች። ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ግራጫ ኮትና ሱሪ፣ የጋብቻ ቀለበት፣ የማያልቅ ፈገግታ። ከወንበሯ ሳትደርስ ተነሥቼ እጄን ዘረጋሁላት። «ሞይራ እባላለሁ» አልኩና ዓይኗን አየሁ። ምንም የለም። ያኔ አርባ አምስት ኪሎ ነበርኩ፤ አሁን ወፍሬያለሁ፤ ጥርሴንም አስተክያለሁ፤ ፀጉሬም ነጥቷል። ቢሆንም ስምስ?

«ደስ ይለኛል» አለችና ወደ ዶክተሮቹ ዞረች። «ሦስተኛ ሙከራዬ ነው፤ ባለቤቴ ዘንድሮ ካልሆነ በቃሽ ብሎኛል።» ሳቀች። ሁለቱ ዶክተሮችም አብረዋት ሳቁ። እኔ በልቤ እናያለን አልኩ።

ዶክተር አልስቴር፣ ጡረታው የደረሰ ደግ ሽማግሌ ነው፣ በየዓመቱ የሚጠይቀውን ጠየቃት። «አንድ ሕመምተኛ ላይ የተሳሳትሽበትን ጊዜ ንገሪን። ምን ተማርሽበት?»

ለዚህ ጥያቄ ሁሉም ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ፊሊፓ ትንፋሿን ሳበችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«በመጀመሪያው የሥራ ዓመቴ ነው። ምስጢሯን ለመጠበቅ ሞሪን ልበላት። እናቷ ሞታባት ነበር። በቀብሩ ቀን ጠዋት ተቆጥታ ኩባያ ወረወረች። ልጅ ነበርኩ፣ ፈራሁ፤ መውጣት የለባትም አልኩ። በኋላ ነው የገባኝ። ኩባያውን የወረወረው ሐዘኗ ነበር። ማታውን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኋት። እጄን ይዛ አለቀሰች። ያ ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።»

ያ ፊት ከእሷ አንድ ክንድ ተኩል ርቀት ላይ ተቀምጦ ብስኩት ፊቱ ቀርቦለታል። አልስቴር መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ደሜ ፈላ። ውሸቷን እንኳን ብችለው እንባዬን ጨምራ ሸጠችው። ማታውን አልጋዬ አጠገብ ማንም አልተቀመጠም፤ ዓመቷ ሞልቶ እስክትሄድ ድረስ ስለ እናቴ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ተራዬ ደረሰ። የተጻፈልኝን ጥያቄ ተውኩት።

«ኩባያው ምን ዓይነት ነበር?» አልኳት።

ሱኒታ ቀና ብላ አየችኝ። ፊሊፓ ለአልስቴር ፈገግ አለችለት። «ሰማያዊ ነበር መሰለኝ። ሸክላ። ሻዩ ግድግዳው ላይ ሲፈስ እስካሁን ይታየኛል።»

«ስብርባሪውን ማን አነሣው?»

«እኔው ነኝ» አለች ለሱኒታ። «ተንበርክኬ። ያም ራሱ ትምህርት ሆኖኛል።»

እየዋሸች አልነበረም። የከፋው ይኸ ነው፤ ኩባያውን በየማመልከቻው ስትወረውረው ኖራ አምናዋለች።

ከወጣች በኋላ እያንዳንዳችን ሳንነጋገር ነጥባችንን ጻፍን። ሕጋችን ከሦስታችን አንዱ ከአሥር ነጥብ ከአራት በታች ከሰጠ አመልካቹ ይወድቃል ይላል፤ ምክንያቱ ግን በጽሑፍ ይቀርባል። ሱኒታ ስምንት፣ አልስቴር ዘጠኝ፣ እኔ ሁለት።

«ሁለት?» አለ አልስቴር። «ኧረ ሞይራ! ምን አደረገችሽ?»

ምን አደረገችሽ! አፌ ላይ መጣ። ሞሪን እኔ ነኝ፤ ያስቀበረችው እናቴን ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን ካልኩ ነጥቤ ይሰረዛል፤ ሌሎች ፈታኞች ይመደቡላታል፣ ሰማያዊ ኩባያዋን ይዛ ትገባለች፣ ታልፋለች። ዝም ካልኩ ትወድቃለች፤ ግን ማን እንደጣላት ሳታውቅ ነው የምትወድቀው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የምችለው። ሁለቱንም ፈልጌ ነበር፤ ስምንት ዓመት ያለምኩት ሁለቱንም ነው።

አፌን መልሼ ገጠምኩ።

«የጠየቅኋት እኔ ነኝ» አልኩ። «የመለሰችው ግን ለእናንተ ነው። እጄን ስትጨብጥ ካልሆነ በስተቀር አንዴም አላየችኝም። ነገ ሕመምተኛዋንስ ታያታለች?»

ሱኒታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ልክ ነሽ» አለች። «እኔም ልብ ብዬዋለሁ። አፍሬ ዝም አልኩ እንጂ።»

አልስቴር ተከራከረ፤ ሱኒታ ግን ቃሌን እንዳለ ጻፈችው። በእውነተኛ ምክንያት ጣልኳት፤ አንድም የሐሰት ቃል አልጨመርኩም። ወደ ቤት ስሄድ አውቶቡስ ላይ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ወርጄ አሳና ድንች ጥብስ ገዛሁ፤ ኮምጣጤውን አፍስሼበት ቆሜ በላሁት።

ደስታው ግን አልበረከተልኝም። ቅዳሜ ላይ ቤቴን ሳጸዳ ራሴን እሰድብ ጀመር። የመታትን ያላወቀች ምኗ ተመታ? እኔ ያን መስመር ከነፊርማው አንብቤ ነው ሳምንት ሙሉ ጾሜን ያደርኩት፤ እሷ ደግሞ ዘንድሮም አልቀናኝም ብላ ወይኗን ትጠጣለች።

የወደቁ አመልካቾች ከፈለጉ ከፈታኞቹ አንዱ በስልክ ምክንያቱን ይነግራቸዋል። ዘወትር ሱኒታ ናት የምትደውለው። ውጤቱ ጸድቆ ቦታዎቹ ከሞሉ በኋላ፣ ምንም ብል የማይመለስበት ቀን ሲደርስ፣ «የፊሊፓን እኔ ልደውልላት?» አልኳት። «የአንቺ አስተያየት ስለሆነ ብትሰማው ጥሩ ነው» ብላ ቁጥሩን ሰጠችኝ።

ደወልኩ።

«ከፈታኞቹ አንዷ ነኝ» አልኳት።

«ውይ፣ አመሰግናለሁ! እርስዎ የትኛዋ ነበሩ?»

«ሦስተኛዋ።»

«አዎ፣ አዎ…» አለች። እንዳላስታወሰችኝ ከድምፅዋ ለየሁት። አስተያየቱን ነገርኳት። አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማኛል። ማልቀሷ ነበር፤ ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ?

«ያች ሞሪን ያልሻት ሴት» አልኩ። «እውነተኛ ስሟ ማን ነበር?»

«ምስጢር ስለሆነ…»

«እኔ ፈታኝ ነኝ። ለእኔ ንገሪኝ።»

ስሜን ከአፏ ልሰማው ነው። ከዚያ «እሷ እኔ ነኝ» እላታለሁ፤ ከዚያም እዘጋዋለሁ።

«እውነቱን ልንገርዎት?» አለች። «አላስታውሰውም። ያን ዓመት ብዙ ነበሩ።»

ልነግራት ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተውኩት። ብነግራት ምን ትላለች? ይቅርታ ትጠይቀኛለች፤ ከርሞም ስለ እኔ ሌላ ታሪክ ይዛ ትመጣለች።

«ይቅርታ፣ ስምዎን ማን ልበል?» አለችኝ። «ላመሰግንዎት እፈልጋለሁ። በግልጽ የነገረኝ ሰው የለም።»

«ሞይራ ክሌግ።»

አንድ በአንድ፣ ቀስ ብዬ ነው ያልኩት። እስክሪብቶዋ ወረቀቱን ሲጭር ሰማሁ።

«ሞይራ ክሌግ» አለች። «አመሰግናለሁ ሞይራ። ደግ ሰው ነዎት። ባለቤቴን ለምኜው አንድ ዓመት ጨምሮልኛል፤ ከርሞ አመለክታለሁ። እርስዎም ፈታኝ ሆነው ይኖራሉ?»

«እኖራለሁ» አልኳት። «አንቺ እስካመለከትሽ ድረስ በየዓመቱ እኖራለሁ።»

ልቧ ተነክቶ ሁለት ጊዜ አመሰገነችኝ።