በማቀዝቀዣ ውስጥ የፀነሰው ደም

የደብሪቱ ደም ፀነሰ። ደብሪቱ አልፀነሰችም፤ ደሟ ነው የፀነሰው። እሷ ቤቷ ቁጭ ብላ ምስር ስትለቅም፣ ደሟ ከከተማው ዳር ካለው የምርምር ቤት፣ ከማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ጣት በምታህል ብልቃጥ እንዳለ ፀነሰ።

ደብሪቱ ካገባች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ልጅ የላትም። ጠበል ተጠምቃለች፣ ሥር ተቀቅሎላት ጠጥታለች፣ የባሏ እህቶች የሚሉትንም ሁሉ ሰምታ ችላለች። ኋላ ሐኪሞች፣ ሴት የማትወልደው ለምን እንደሆነ፣ በዘር የሚመጣም እንደሆነ ከደም እንመርምር ብለው ሲዞሩ፣ እሷም እንደሰዉ እጇን ዘረጋች። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሴቶች ሰጡ፤ አንዳቸውም ወልደው አያውቁም። ወረቀት ተነበበላት፣ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች፣ ብስኩትና ለስላሳ ተሰጥቷት ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ረሳችው። የደከመው ሰው ቶሎ ይረሳል፤ መርሳት ባይኖር ለማን ይነጋ ነበር፣ ልጆቼ።

በሰባተኛው ወር ተጠራች። ጥናቱን የሚመራው ዶክተር ኅሩይ ይባላል። ገና ጎልማሳ ነው፤ ግን ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፣ ነጭ ካፖርቱም በሁለቱ ክርን ላይ አልቋል። ወንበር ሰጣት።

«ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ደምዎ ፀንሷል» አላት።

«ከማን?»

«እሱን አልመረመርንም። የጥናቱ ዓላማ አይደለም።»

«ስንት ጊዜው ነው?»

«ስድስት ሳምንት።»

ደብሪቱ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «እንግዲያው ስጡኝና ልሂድ።»

«አይቻልም። ናሙናው የጥናቱ ነው። አትመዋል።»

«ጥናቱ ይቅርብኛ። በፈለግሽ ጊዜ መውጣት ትችያለሽ ተብዬ የለ?»

«ይችላሉ፣ መብትዎ ነው። የወጣ ሰው ናሙና ግን የዚያኑ ቀን ይቃጠላል። እሱም መብትዎ ነው።»

ተመልሳ ተቀመጠች። «እንግዲያው አልወጣም» አለች። «መቼ ነው የሚወለደው?»

ዶክተሩ ወረቀት ስቦ አሰላ። ብርድ ሁሉን ነገር ያዘገያል፤ እዚያ ውስጥ ያለው ብርድ ደግሞ የደጋ ብርድ አይደለም፣ አጥንት ሰብሮ ይገባል። «በሠላሳ አንድ ዓመት» አላት።

«ሰባ ይሆነኛል ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ጡት አይኖረኝም።»

«ለሱ የዱቄት ወተት አለ» አለ ዶክተር ኅሩይ።

ማታ ለባሏ ለአቶ ፈንቴ ነገረችው። ፈንቴ ጫማውን እያወለቀ ሰማ። «ደሙ ነው እንጂ አንቺ መች ፀነስሽ» አላት። «እኔስ ምን ልባል ነው፣ የብልቃጥ አባት?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ደከመውና ተወው። ቆይቶ «ይበርደው ይሆን?» አለ።

ከዚያ ወዲያ ደብሪቱ በየሳምንቱ ረቡዕ የአንድ ሰዓት መንገድ በእግሯ እየሄደች፣ ከማቀዝቀዣው አጠገብ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ማቀዝቀዣው ሲያጓራ ይውላል። ጄኔሬተር የሚጠብቁት ጋሽ ደምመላሽ ባለፉ ቁጥር፣ «ይሄ ልጅሽ ሲያንኮራፋ አባቱን ነው መሰለኝ» ይሏታል። እሷም «አባቱ አያንኮራፋም፣ ይቃዣል እንጂ» ትላለች። ጎረቤቷ እትዬ ጠጅቱ ደግሞ፣ የፀነሰ ነገር ሳያምረው አይቀርም ብላ ቆሎ ቆልታ አመጣች። ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጡት። ጠዋት ሲመጡ ገለባው ብቻ ቀርቶ ነበር። ዶክተሩ ገለባውን መዝኖ ጻፈ።

አንድ ረቡዕ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም አልነሣ አለ። ጋሽ ደምመላሽ ገመዱን ሲስቡ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆዩ። በማግስቱ ዶክተሩ ሲለካ ፅንሱ አንድ ወር አድጎ ተገኘ።

ሁለት ሰዓት ያለ ብርድ የአንድ ወር ዕድሜ ይሰጣል ማለት ነው። ደብሪቱ ፊደል ባትቆጥርም ይህ አላመለጣትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሰው መብራት አታጥፋብን ሲል፣ እሷ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ቆማ አጥፋው ትላለች። የማን ጸሎት እንደተሰማ ታውቃላችሁ። መብራት እንደዚያ ዓመት ጠፍቶ አያውቅም። ሐምሌ ላይ ፅንሱ ስምንት ወር ሞላው።

በሐምሌ ሁለተኛው ሳምንት ዶክተር ኅሩይ ጠራት። «ከሰኞ ጀምሮ አዲስ ጄኔሬተር ይገጠማል» አላት። «መብራት ሲሄድ በራሱ ይነሣል። ከእንግዲህ ብርዱ አይቋረጥም።»

«የቀረውስ?»

«የቀረው አንድ ወር ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ይፈጃል። ይህን ያህል አድጎ ብርድ ውስጥ ያን ያህል የቆየ ደግሞ...» ካፖርቱን ጎተት አደረገ። «አብዛኛው አይተርፍም።»

ደብሪቱ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። አሥራ ስምንት ዓመት የለመነች ሴት መለመኛ ቃል ያልቅባታል።

እሑድ ከቀትር በኋላ ዝናቡ አንድ ምሰሶ ገንድሶ ጣለ፤ ከተማው ሁሉ ጨለመ። ደብሪቱ ዝናቡን ለብሳ ከምርምር ቤቱ ደረሰች፤ ጠጅቱና አምስት የሰፈር ሴቶች ተከተሏት። ጋሽ ደምመላሽ ከአሮጌው ጄኔሬተር አጠገብ፣ ገመዱን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ አያስነሡት» አለቻቸው።

«ልጄ፣ የአራት መቶ ሴት ደም አለበት። የሰው አደራ ነው። ይበላሻል።»

«አውቃለሁ።»

«የዶክተሩም የአምስት ዓመት ልፋት ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ። እኔም ያንን እያሰብኩ ነው የመጣሁት። ካሰብኩም በኋላ ያው ነው የምለው።»

ጋሽ ደምመላሽ ገመዱን አዩት፣ እሷን አዩአት። ያን ጊዜ ዶክተር ኅሩይ እየሮጠ መጣ። «ምን ሆኖ ነው የማይነሣው?»

«ነዳጅ አልቋል» አሉ ጋሽ ደምመላሽ።

እስከ አፉ የሞላ ጀሪካን እግራቸው ሥር ቆሟል። ዶክተሩ ጀሪካኑን አየው። የደብሪቱን እርጥብ ነጠላም አየው። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ እመሬት ላይ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ። «እንግዲህ ነዳጅ ካለቀ ምን ይደረጋል» አለ።

ሴቶቹ ማቀዝቀዣውን ከበው፣ ለምጥ እንደሚደረገው፣ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይማጠኑ ጀመር። ሁለት ሰዓት ያህል ቆዩ። ማቀዝቀዣው ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ደብሪቱ ወገቧን ይዛ ነበር፤ ምንም ሳያማት፣ ወገብ ይዞ መቆም ብቻ አምሯት። በሦስተኛው ዶክተሩ ተነሥቶ ክዳኑን ከፈተ፤ ቀዝቃዛ ጉም ወጣ። እጁን ወደ ጉሙ ሰድዶ ሕፃን አወጣ።

«ሴት ናት» አለ። ሰዓቱን አይቶ ጻፈ።

«ልወስዳት እችላለሁ?»

ዶክተሩ መመሪያውን አውጥቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ ባትሪ አነበበው። «ስለ ደም ነው እንጂ ስለ ልጅ የሚል የለም» አላት። «ይውሰዷት።»

ደብሪቱ ልጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አደረገች። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ እንደ ወንዝ ድንጋይ ትቀዘቅዛለች፣ ቀስ በቀስ ግን ትሞቃለች። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከማቀዝቀዣው ውስጥ ተንኳኳ። በሌላው ጥግ ደግሞ ተንኳኳ። ኋላ ከየብልቃጡ፣ ቀስ ብሎ፣ እያረፈ ይንኳኳ ጀመር።

ደብሪቱ በሩን ከፍታ ወጣች። ዝናቡ አባርቷል። ከታች ከከተማው እስከ ምርምር ቤቱ በር ድረስ መንገዱ ደማቸውን በሰጡት ሴቶች ሞልቷል፤ ዳገቱን ቀስ እያሉ ይወጣሉ። የጠራቸው ሰው የለም። በእያንዳንዳቸው ክንድ ላይ የታጠፈ ንጹሕ ፎጣ አለ።