የዋዜማው ዘይት

እትዬ ዘርፌ ቤት አንድ ሕግ አለ። የትም አልተጻፈም፤ ግን ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ከልብስ ሰፊው በላይ ባለችው ክፍል፣ በዚያች ጠባብ አልጋ ላይ የተጋደመ ሯጭ ሁሉ ያውቀዋል። ከውድድር በፊት እግር ይቀሰቀሳል፤ ከውድድር በኋላ እግር ይተኛል። የሚቀሰቀሰው በደረቅ እጅ ነው፤ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ቶሎ ቶሎ፣ ላይ ላዩን። የሚተኛው ግን በሞቀ ዘይት ነው፤ ቀስ ተብሎ፣ ጡንቻው ውስጥ ድረስ ተገብቶ፣ አንድ ሰዓትም ከዚያ በላይም። "ሁለቱን የሚያምታታ ሊጥ አቡኪ እንጂ ወጌሻ አይባልም" ትላለች እትዬ ዘርፌ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትሠራ የኖረችውም እንዲሁ ነው።

ራኬብ ይህን ሕግ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ቋንጃዋን ተይዛ እያነከሰች ያንን የእንጨት ደረጃ ስትወጣ፣ እትዬ ዘርፌ ከላይ ሆና "ማነሽ አንቺ፣ በአንድ እግር የምትሮጪው?" ብላ ነበር የተቀበለቻት። ይኸው ሰባት ዓመት ሞላቸው። አሰልጣኝ ተቀያየረ፣ ክለብ ተቀያየረ፣ ፒያሳ ራሷ ግማሽ ጎኗ በዶዘር ታርሶ ሌላ ሰፈር መሰለች፤ የእትዬ ዘርፌ እጅ ግን ያው ነው። የራኬብን እግር ስትነካ የት እንደሮጠች፣ ምን ያህል እንደሮጠች፣ ምን እንዳናደዳት ሳይቀር ትናገር ነበር። ራኬብ ለሐኪም እንኳ ያላሳየችውን ህመም ለእሷ ታሳያለች።

የራኬብን እናት ቲቸር የሺን በሰፈራቸው በእሪ በከንቱ የማያውቃት የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምራለች፤ ዛሬ ባንክ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠውም፣ ታክሲ ላይ "ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ" እያለ የሚጮኸውም ተማሪዋ ነው። ባሏ ሲሞት ራኬብ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ ላግባሽ ያላትን ሁሉ እየመለሰች፣ ከሥራ ወደ ቤት ከቤት ወደ ቸርች እያለች አንድ ልጇን አሳደገች። ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፈ ክንድ መቼም ሰው ነውና ይደክማል፤ ትከሻዋ አልነሳ ሲላት እጇን ይዛ እትዬ ዘርፌ ዘንድ የወሰደቻት ራሷ ራኬብ ናት። ሁለቱ ሴቶች ወዲያው ተዋደዱ። አንዷ ጴንጤ፣ አንዷ በየቃሉ "ማርያምን!" የምትል፤ ሲገናኙ ግን ወሬያቸው ማለቂያ የለውም። ራኬብም ደስ አላት። የሚወዳቸው ሁለት ሰዎች ሲዋደዱለት ደስ የማይለው ማን አለ?

እሑድ ጃንሜዳ የሚሮጠው አሥር ኪሎ ሜትር እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። ክለቡ ከአንድ የውጭ ማናጀር ጋር ተስማምቷል፤ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የሚወጡት ሴቶች ለሁለት ዓመት ውጭ ሄደው ይሮጣሉ። ሰውየው ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አይወስድም። ራኬብ ደግሞ በጥር ወር ሃያ ስድስት ዓመት ይሞላታል። ስለዚህ ዘንድሮ ካልሆነ መቼም አይሆንም፤ ነገሩ ይኸው ነው። በልምምድ ሦስተኛ አራተኛ ሆና ነበር የምትገባው። ምስጋና ከአፉ በመከራ የሚወጣው አሰልጣኝ ሚልክያስ እንኳ ሐሙስ ዕለት ሰዓቱን አይቶ "አንቺማ ሻንጣ ግዢ" ብሏታል።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራኬብ ደረጃውን ወጣች። ክፍሉ የወይራ ዘይት ይሸታል፤ ጠርሙሱ የፈላ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል።

"ዘይት?" አለች እየሳቀች። "እትዬ፣ ውድድሩ እኮ ነገ ነው!"

"ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች! ባትሽ ድንጋይ ሆኗል አልኩሽ። ይህን ይዘሽ ብትገቢ ሁለተኛው ዙር ላይ ጨምድዶ ይይዝሻል። ይልቅ ተኚ።"

ባቷን ገና አልነካችውም ነበር። ራኬብ ይህን ያስተዋለችው በማግስቱ ነው። ያኔ ግን በሆዷ ተኛችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እትዬ ዘርፌ ስትሠራ አፏ አያርፍም፤ የልብስ ሰፊውን ሚስት ታማለች፣ መንግሥትን ታማለች፣ ያለፈችውን ደንበኛ እግር ታማለች። የዚያን ቀን ግን ቃል አልተነፈሰችም። በአውራ ጣቶቿ ከተረከዝ ጀምራ ባት ለባት ወጣች፣ ታፋዋን በክርኗ ተጭና አወረደች፣ ደግማ ወጣች። ያም አልበቃት፤ ዘይት ጨመረች። በመስኮቱ የታክሲ ጥሩምባ ይገባል፤ ቀስ በቀስ እሱም ራቀ። ራኬብ እንቅልፍ ወሰዳት።

ስትነቃ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። እትዬ ዘርፌ እጇን በፎጣ እየጠረገች ቆማለች። ሌላ ጊዜ የውስጥ እግሯን ጠፍ ጠፍ አድርጋ "ተነሺ፣ ፈረሴ!" ነበር የምትላት። ዛሬ ጎንበስ ብላ ግንባሯን ሳመቻት። ራኬብ ደረጃውን ስትወርድ ጉልበቷ እጥፍ እጥፍ አለባት፤ "እንዴት ቀለል አለኝ!" አለች ለራሷ። የሚያምን ሰው እኮ ማስረጃ አያጣም።

እሑድ ጠዋት ቲቸር የሺ እንደ ልማዷ ልጇ ራስ ላይ እጇን ጭና ጸለየች። ከዚያ ያልታሰበ ነገር ተናገረች፤ "ዛሬ ከቸርች እቀራለሁ፣ አብሬሽ እመጣለሁ" አለች። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ውድድር አይታ አታውቅም። ራኬብ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ጃንሜዳ ሲደርሱ እናቷ ከፀሐይ ለመሸሽ ሻርፕ ተከናንባ፣ የመጨረሻው መታጠፊያ አጠገብ ከዛፎቹ ሥር ቆመች።

አምስት ዙር ነው። የመጀመሪያውን ዙር ራኬብ አራተኛ ሆና ጨረሰች። ሁለተኛው ላይ አንድ ነገር ታወቃት፤ እግሯ ይታዘዛል፣ ግን ዘግይቶ ነው። ጨምሪ ስትለው የሚጨምረው ሁለት ሦስት እርምጃ ካለፈ በኋላ ነው። ህመም የለውም፤ ቢያማት ኖሮ ታውቅበት ነበር፣ ህመምን ይዞ መሮጥ የለመደችው ነው። ይህ ግን የሰው እግር ይመስል ጨርሶ የእሷ አልሆን አለ። ሦስተኛው፣ አራተኛው ዙር ላይ በጥርሷ ነክሳ አምስተኛነቱን ያዘች። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ኢክራ፣ በልምምድ አንድም ቀን ቀድማት የማታውቀው ልጅ፣ በቀኝ በኩል መጣችና አለፈቻት። ራኬብ ልትከተላት ፈለገች። እግሯ ግን አልመጣም። ስድስተኛ ወጣች።

ሚልክያስ ሣሩ ላይ ተቀምጣ አገኛት። አልጮኸባትም፤ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

"ምን በላሽ?"

"እንደ ወትሮው።"

"ትናንትስ? ሮጥሽ?"

"አልሮጥኩም። ማሳጅ ብቻ ነው፣ እትዬ ዘርፌ ጋ።"

"ለስንት ደቂቃ?"

"ሁለት ሰዓት ገደማ። ባቴ ደርቆ ስለነበር በዘይት አሹኝ።"

ሚልክያስ ባቷን ጨበጥ አድርጎ ለቀቀው። "ለዋዜማ ሁለት ሰዓት በዘይት? ዘርፌን እኮ አውቃታለሁ። ይህ እሷ የምትሳሳተው ነገር አይደለም።" ከዚያ ሳይወድ በግዱ ጨመረ፤ "ያመኑት ፈረስ ነው እኮ የሚጥለው፣ ራኬብ።"

"ስለ እትዬ ዘርፌ እንዲህ አትናገር!" ብላ ተነሳች። እናቷ ምሳ ላዘጋጅ ብላ ቀድማ ሄዳ ነበር። ራኬብ ታክሲ አልያዘችም፤ በአራት ኪሎ አድርጋ በእግሯ ወደ ፒያሳ ወረደች። ጃንሜዳ ላይ የተቆጣችው በሚልክያስ ነበር። አራት ኪሎ ስትደርስ ስለ ዘይቱ ታስብ ጀመር። ቸርችል ላይ ስትደርስ ስለ ግንባሯ ታስብ ነበር፤ በሰባት ዓመት ውስጥ እትዬ ዘርፌ ስማት አታውቅም።

በሩ ገርበብ ብሏል። እትዬ ዘርፌ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። "ነይ እግርሽን ልይልሽ" አለች ቀና ሳትል።

"አውቀው ነው?"

እትዬ ዘርፌ ልትዋሽ አስባ እንደነበር ፊቷ ያስታውቃል። ግን አልሆነላትም። "አውቄ ነው" አለች።

"ማን ነው የላከዎት? የኢክራ ሰዎች ናቸው? ምን ሰጡዎት?"

"ማርያምን! እኔን በገንዘብ ትጠረጥሪኛለሽ?" ብላ ብድግ አለች። ወዲያው ቁጣዋ እንደማያምርባት ገባት መሰለኝ መልሳ ተቀመጠች። "እናትሽ ናት።"

ራኬብ የበሩን መቃን ያዘች።

"ማክሰኞ መጣች። ትከሻዋን የምታሳየኝ መስሎኝ ነበር። እዚህ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። 'ሁለት ዓመት ይላሉ፣ የሄደ ሲመለስ ግን አላየሁም፤ ያለችኝ እሷው ብቻ ናት፣ እግሯን ያዢልኝ' አለችኝ። እምቢ አልኳት። ረቡዕ ደግማ መጣች። እናት እግሬ ላይ ወድቃ ስታለቅስ እምቢ የምልበት አንጀት ከየት ላምጣ?"

"እኔ ላይስ የጨከኑበት አንጀት ከየት መጣ?"

እትዬ ዘርፌ አይኗን በነጠላዋ ጠረገች። "ልንገርሽ? ዘይቱን ስታዪ ጥለሽኝ ትሄጃለሽ ብዬ ነበር። ሰባት ዓመት ያስተማርኳት ልጅ ናት፣ ትነቃብኛለች፤ እኔም ለእናትሽ 'ነቃችብኝ' ብዬ እገላገላለሁ ብዬ ነበር። አንቺ ተኛሽ።"

"የተኛሁት እኮ ስላመንኩዎት ነው።"

ራኬብ ደረጃውን ወረደች። የተበደለ ሰው ይጮኻል ይባላል፤ እሷ ግን መጮህም አማራትና አልወጣላትም። ወደ ቤቷ ሄደች።

ቲቸር የሺ ምሳውን አቅርባ፣ በሰፊ ሳህን ለብ ያለ ውሃ በጨው አዘጋጅታ ጠበቀቻት። ጫማዋን ራሷ ፈታችላት። ራኬብ እግሯን ውሃው ውስጥ ከተተች፤ እናቷም ታሸው ጀመር።

"አይዞሽ የኔ ልጅ። እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም።"

"እማዬ፣ ከእትዬ ዘርፌ ቤት ነው የመጣሁት።"

የእናቷ እጅ ውሃው ውስጥ ቆመ። ቲቸር የሺ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተሳሳተውን ሁሉ "ተሳስቻለሁ በል" ስትል የኖረች ሴት ናት። ቀና ብላ ልጇን ፊት ለፊት አየቻት።

"አዎ። እኔ ነኝ።"

"አትሂጂ ብትዪኝ ምን ነበረበት?"

"ትቀሪ ነበር?"

ራኬብ እቀር ነበር ልትል ፈለገች። "እንጃ" አለች።

"እኔ ግን አውቃለሁ። አትቀሪም ነበር። ስቀሽ፣ ስመሽኝ ትሄጂ ነበር። ወደሽኝ ከምትሄጂብኝ፣ ጠልተሽኝ አጠገቤ ብትኖሪ ይሻለኛል።"

ይህን የተናገረችው በለሰለሰ ድምፅ ነው፤ እሷ ፍቅር መናገሯ ነበር። ራኬብን ያቃጠላትም ይኸው ነው። ጠላት ቢሆን ኖሮ እንዴት እንደምትጠላው ታውቅ ነበር።

"ያ መታጠፊያ ላይ ነበርሽ አይደል?" አለች። "ኢክራ ስታልፈኝ አየሽ?"

"አየሁ።"

"ምን አልሽ?"

ቲቸር የሺ እጇን ከውሃው አወጣች። በቀሚሷ ጠረገችው። መዋሸት ትችል ነበር፤ ራኬብም እንድትዋሻት ፈልጋ ነበር።

"ተመስገን አልኩ።"

"በልብሽ?"

"ጮክ ብዬ። አምልጦኝ እንባዬም መጣ። አጠገቤ የቆሙት ሰዎች የኢክራ እናት መስያቸው እንኳን ደስ ያለዎት አሉኝ።"

"አንቺስ ምን አልሻቸው?"

"አመሰገንኳቸው" አለች ቲቸር የሺ።

ራኬብ እግሯን ከሳህኑ አወጣች። ፎጣው ከእናቷ ትከሻ ላይ ነበር፤ አልጠየቀቻትም። እርጥብ እግሯን ጫማዋ ውስጥ አስገብታ ማሰሪያውን ማሰር ጀመረች።