አመድ እንጂ አፈር አይደለም

እና ባልናገር ኖሮ፣ እህቴ የላከችልኝን ቆርቆሮ ማንም አይከፍተውም ነበር፣ ግን ፎርሙ ዘር አለበት ወይ ይላል፣ አለበት ብዬ ጻፍኩ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ቀጥሎ ደግሞ አፈር አለበት ወይ፣ የለበትም፣ ቆርቆሮው ገና መንገድ ላይ ሳለ እኔ ሳን ሆዜ ተቀምጬ የለበትም ብዬ ፈረምኩ። ሳላየው። እኔ፣ በር ቆልፌ ሦስት ጊዜ ተመልሼ የምነካካው።

አሁን ኦክላንድ ነኝ፣ ወደቡ አጠገብ፣ የዕፅዋት ቁጥጥር ቢሮ፣ ቆርቆሮው ነጭ ወረቀት ላይ ተገልብጧል፣ ኢንስፔክተሩ በእስክሪብቶው ጫፍ ግራጫውን ዱቄት ይነካካል፣ ይሄ ምንድን ነው፣ አመድ ነው ሰር፣ ለምን አመድ፣ ነቀዝ እንዳይበላው ሰር፣ የኛ ሰው ዘር የሚያስቀምጠው በአመድ ለውሶ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ሚስቱ ዳሊ ሲቲ ጽጌረዳ ትተክላለች፣ እሷም በሕጉ ታማርራለች አለኝ፣ ከእንግሊዝ አገር ያዘዘችውን ችግኝ ያቃጠለባት እሱ ራሱ ነው፣ ሳቀ፣ እኔም መሳቅ እንዳለብኝ ገባኝና ዘግይቼ ሳቅሁ።

አፈር ከሌለው በመድኃኒት ጢስ ታጥኖ ያልፋል አለ፣ ካለው ዛሬውኑ ምድጃ ይገባል፣ ስልክ ላናግርና ልምጣ፣ እስከዚያ ደህና አድርገህ እየው፣ የለውም ካልከኝ አምንሃለሁ፣ ትፈርምልኛለህ። ወጣ። ምነው ባላመነኝ።

ያገሬ ልጅ ገብረክርስቶስ ትናንት ካምቤል፣ ቤቱ በራፍ ላይ ቆሞ፣ አንተ ሰውዬ፣ ዲክሌር አድርግ፣ ይዣለሁ ብለህ ተናገር ያለህ ማነው፣ የኔ በሶብላ በካፖርቴ ገበር ውስጥ ነው የገባው፣ ይኸው ዛፍ አክሏል፣ ጎረቤቴ ጣልያኑ ሽማግሌ የበለስ ቅርንጫፉን በሱሪው ውስጥ ነው ያሻገረው፣ አውሮፕላኑ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ እሱና እግዜር ያውቃሉ፣ አንተ ግን ፎርም ትሞላለህ። እሞላለሁ። ሌላ አልችልበትም።

የእህቴ የአስካለማርያም ደብዳቤ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው፣ ዝናቡ ቀረ፣ ቆቦ ውስጥ ሰው ለዘር ያስቀመጠውን በላ፣ እኛም በላን ወንድሜ፣ ከማሽላው ይህቺን ቁንጥር ብቻ ነው ከልጆቹ የደበቅኋት፣ እዚህ ከቆየች እኔው ራሴ እበላታለሁ፣ አንተ ዝራና አቆይልን፣ ዝናብ ሲመጣ ትልክልናለህ። ከልጆቹ የደበቅኋት። እንዴት ብላ ጻፈችው፣ ፊደሉ ቀጥ ያለ ነው። ከአባታችን ማሳ በዓለም ላይ የቀረው ይኸው ነው፣ መቶ ስልሳ ሁለት ፍሬ፣ ኢንስፔክተሩ ቆጥሮ ጽፎታል።

ልየው። ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስመር በመስመር፣ አመድ፣ ፍሬ፣ አመድ፣ ከሰል፣ አመድ፣ ከዚያ ይህቺ። የምስር ክክ ታክላለች፣ ቀላ ያለች። አመድ አይቀላም። የሸክላ ስባሪ ትሆን፣ አትቸኩል፣ ፈትሽ፣ በምን ልፈትሽ፣ ጣቴን በምራቅ አርሼ አነሳኋት፣ ምላሴ ላይ አኖርኳት። ሟሟች። የአውድማ ጭቃ ናት፣ አሸዋዋ ጥርሴ መሃል ይንቀጫቀጫል። ዋጥኩ። አሁን የለም፣ አሁን አፈር የለበትም ብል አልዋሸሁም፣ ዋሸሁ እንጂ፣ ስፈርም ከሌለ ምኑ ነው ውሸቱ፣ ሁለተኛዋ፣ ከፍሬው ሥር፣ ሦስተኛዋ፣ ኧረ ስንት ናቸው፣ ስልኩ ተዘጋ፣ የጫማው ኮቴ ይሰማኛል፣ አራተኛዋ ትልቅ ናት፣ አፌ ደርቋል፣ አትወርድም።

እህስ፣ አፈር አለው?

አፌ ሙሉ ነው። ራሴን ግራና ቀኝ አወዛወዝኩ። እስክሪብቶውን ሰጠኝ፣ አጠገቤ ቆመ፣ መዳፉን አመዱ ያለበት ነጭ ወረቀት ላይ አሳረፈ፣ አንዲት የጭቃ ፍርፋሪ ቀርታለች፣ ከአውራ ጣቱ ሥር፣ ቀይ፣ ጎንበስ ካለ ያያታል፣ ግን ዓይኑ እስክሪብቶዬን እየተከተለ ነው፣ እየጻፍኩ እስካለሁ ድረስ ወደዚያ አያይም፣ ቀስ ብዬ ስሜን፣ ፊደል በፊደል፣ የአባቴን ስም፣ ጨረስኩት፣ የአያቴንም ልጨምር፣ የቅድመ አያቴ ስም ማን ነበር