ነጭ የለበሰው ቸኮሌት

የታናሽ እህቴ ባል የቸኮሌት ፋብሪካችን የላቦራቶሪ ኃላፊ ነው። እኛ የማቅለጫ ክፍል ሠራተኞች «ዶክተር ሞለኪውል» እንለዋለን፤ ዶክተር እንኳ አይደለም። እህቴን ድባቴ ይዟት ሐኪም ያዘዘላትን ክኒን «መርዝ ነው» ብሎ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወረወረው። በምትኩ በየጠዋቱ አንድ ጥቁር ቸኮሌት ይሰጣታል። ይኸው ሁለት ወር!

ልደቷ ነውና እሁድ ምሳ ጠራኝ። ስጦታዬን በቦርሳዬ ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ ሄድኩ። ገና ሾርባው ሳይቀርብ ጀመረኝ።

«አየሻት? መሳቅ ጀምራለች! ነገ የፋብሪካው ስብሰባ ላይ ራሷ ትመሰክራለች። ካካዎ ውስጥ ፊኒልኤቲላሚን አለ፤ ሰው ሲያፈቅር አንጎሉ የሚያመነጨው ቅመም እኮ ነው!»

«እሱ አንጀትና ጉበት ላይ ተሰባብሮ ያልቃል፤ አንጎል የሚደርሰው ኢምንት ነው። ያስተማርከን ራስህ አይደለህ እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ ከማማሰል ሌላ ምን ታውቂያለሽ?»

ደሜ ፈላ። የዛሬ ዓመት ክኒኑን ያቋረጠች ጊዜ፣ አልጋ ላይ ወድቃ ሦስት ሳምንት በእጄ ያጎረስኳት እኔ ነኝ። እሷም አናደደችኝ፤ አንገቷን ደፍታ የቀረበላትን ሾርባ ታማስላለች። ይቺ ሞኝ፣ ሳይገላት ይዣት ልውጣ ብዬ ልብሷን ልሸክፍ መኝታ ቤት ገባሁ።

መስኮቱ ሥር ያለውን መሳቢያ ስስበው ቸኮሌት ጢም ብሎበታል። አንዱን ፈታሁት፤ ነጭ ለብሷል። ሌላውም እንደዚያው። ሻጋታ አይደለም፤ ፀሐይ ሲያቀልጠው ቅዝቃዜ ሲያደርቀው የከረመ ቸኮሌት ቅቤው ላዩ ላይ ወጥቶ እንዲህ ይነጣል። አንዱም አልተነከሰም። ከሥሩ የክኒን እሽግ አለ፤ ግማሹ ተውጧል።

ወይ ጉድ! መሳቢያውን እንዳለ መዝዤ ሾርባው አጠገብ ዘረገፍኩለት።

«ይኸውልህ መድኃኒትህ! ቁጭ ብለህ ብላው!»

ክኒኑን አንስቶ እህቴ ላይ አፈጠጠ። «ስትዋሺኝ ነው የከረምሽው?»

«የጣልከውን ከቆሻሻ አወጣሁት። ሲያልቅ ሄጄ ገዛሁ» አለች። ክኒኑን ከእጁ ነጥቃ ኪሷ ከተተችው። «ነገም የትም አልመሰክርልህም።»

«እሺ፣ ቸኮሌቱንስ ብትበዪው ምን ነበረበት?»

«አልወድማ! ከልጅነቴ ጀምሮ ቸኮሌት አልወድም። ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። «እሰይ የኔ አንበሳ!» ብዬ ሳልጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ እትዬ? ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ቦርሳዬን በእግሬ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋ አደረግኩት። ውስጡ የራሴ እጅ ሥራ፣ ባለ ለውዙ ቸኮሌት ነበር።